አውስቢልዱንግ ምንድን ነው?

ቃሉ ጀርመንኛ ነው፤ የሙያ ሥልጠና ማለት ነው። ብዙ ሰው «ጀርመን ሄዶ መማር» ብሎ ይረዳዋል። ግማሹን ነው የያዘው። አውስቢልዱንግ ከትምህርትነቱ በፊት የሥራ ውል ነው። በነርሲንግ ውሉን ከተማሪዋ ጋር የሚፈራረመው ሆስፒታል ወይም የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ከመጀመሪያው ወር አንስቶም ደሞዝ ይከፍላታል።

የሚፈጀው 3 ዓመት ነው። ቢያንስ 2,100 ሰዓት በክፍል፣ 2,500 ሰዓት ደግሞ በሥራ ላይ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ባለው ሕግ የትምህርት ቤት ክፍያ የለም። «ለትምህርት ቤቱ ክፈይ» የሚል ደላላ ከመጣ ሸሽቶ ማምለጥ ነው።

ሴቶች ለምን ይመርጡታል? ጀርመን ዩኒቨርሲቲ ልግባ የምትል ሴት ስኮላርሺፕ ወይም ዋስ የሚሆናት ሰው ከሌላት ለቪዛ በዝግ ሒሳብ (በየወሩ ከተወሰነ መጠን በላይ በማይወጣበት የባንክ ሒሳብ) ለዓመት 11,904 ዩሮ ማሳየት አለባት። ይህን ብር ማን ይሰጣታል? አባት፣ ወንድም ወይም ባል። የሰጠ ደግሞ ዝም አይልም፤ ምን እንደምትማርም መቼ እንደምትመለስም መናገር ይፈልጋል። በአውስቢልዱንግ ግን ደሞዟ ወጪዋን ከሸፈነ ያ ገንዘብ አይጠየቅም። በመንግሥት ሆስፒታሎች የመጀመሪያው ዓመት የወር ደሞዝ ግብሩና መዋጮው ሳይቆረጥ ከ1,300 ዩሮ በላይ ነው። ከቤት ኪራይ በኋላ ብዙም አይተርፍ፣ ግን የማንም ውለታ የለበትም።

ማነቆው ቋንቋው ነው። ለነርሲንግ ብዙ ቦታ ቢ2 የሚባለው፣ ከመካከለኛ ከፍ ያለው የጀርመንኛ ደረጃ ይጠየቃል። ፈተናውን ማለፍ አንድ ነገር ነው፤ በሌሊት ተረኝነት አንድ አዛውንት በአካባቢያቸው ዘዬ የሚያጉተመትሙትን መስማት ሌላ። ሥራውም ያስደነግጣል። በብዙ አገር ቤተሰብ የሚሠራው ማጠብ፣ ማጉረስና ዳይፐር መቀየር እዚያ የነርሷ ሥራ ነው።

ቀድሞ በነርሲንግ የተመረቀች ግን ቆም ትበል። የእሷ መንገድ «አነርኬኑንግ» ነው፤ ያላትን ማስረጃ አስመርምራ የጎደለውን በማሟያ ሥልጠና ወይም በፈተና ትሞላለች። ይህን ሳያውቁ እንደገና ከሀ ሁ የሚጀምሩ አሉ። ያሳዝናል።

ከሥልጠናው በኋላ እዚያ መቆየትስ? እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና 70ዎቹ ከ10,000 በላይ የደቡብ ኮሪያ ነርሶችና ረዳት ነርሶች ምዕራብ ጀርመን ሄደው ሠርተዋል። በኋላ «በቃችሁ፣ ተመለሱ» ሲባሉ ፊርማ አሰባስበውና ተከራክረው ነው የመቆየት መብት ያገኙት። ዛሬ ግን ጀርመን ውስጥ አውስቢልዱንግ የጨረሰች ሴት 2 ዓመት በሙያዋ ከሠራችና ሌሎቹን መስፈርቶች ካሟላች ቋሚ መኖሪያ መጠየቅ ትችላለች።