«ኳይት ጉድ» ሙገሳ ነው ወይስ ማጽናኛ?

አለቃህ ሥራህን አይቶ በእንግሊዝኛ «ኳይት ጉድ» (quite good) ቢልህ፣ ከመፈንደቅህ በፊት የመጣበትን አገር አስብ። (በእኛ ቋንቋ «ጉድ» ሌላ ጉድ መሆኑን ለጊዜው እንተወው።) አሜሪካዊ ከሆነ «በጣም ጥሩ» ማለቱ ነው። እንግሊዛዊ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ «ደህና ነው፣ ምንም አይልም» እንደማለት ነው፤ በተለይ «ኳይት» የምትለዋን ጫን ካደረጋት «ግን» የምትል ነገር ከኋላ ትከተላለች።

ግራ የሚያጋባው፣ ያው እንግሊዛዊ «ኳይት ብሪሊያንት» (quite brilliant) ካለ «እጅግ ድንቅ» ማለቱ መሆኑ ነው። «ጉድ» ደረጃ አለው፤ ከፍም ዝቅም ይላል። «ብሪሊያንት» ግን ራሱ ጣሪያ የነካ ቃል ስለሆነ፣ «ኳይት» ሲታከልበት «ሙሉ በሙሉ» የሚል ትርጉም ይይዛል። «ኖት ባድ»ንም (not bad፣ «መጥፎ አይደለም») አትናቃት፤ ከእንግሊዛዊ አፍ ስትወጣ አንዳንዴ ከ«ኳይት ጉድ» ትበልጣለች።