ደሴና ኮምቦልቻ በጉግል ዓይን፦ የትንንሽ ንግዶች ኤስኢኦ

ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው ማደሪያ ፍለጋ ጉግል አይከፍትም። ፒያሳ ላይ ቆሞ አንዱን ይጠይቃል፤ ወይ ለዘመድ ይደውላል። ጉግል የሚከፍተው እንግዳው ነው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ማታ የሚገባ ሰው። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርጎ የመጣ የከባድ መኪና ሾፌር። ለእህቱ ሠርግ ከዱባይ የሚመጣ ወንድም። ወደ ላሊበላ ሲያልፍ አንድ ሌሊት ማደር የፈለገ ቱሪስት። በእነዚህ ሁለት ከተሞች ስለ ኤስኢኦ ስናወራ የምናወራው ስለነዚህ ሰዎች ነው።

ኤስኢኦ አንድ ድረ ገጽ በፍለጋ ውጤት ላይ ከፍ ብሎ እንዲታይ የሚሠራ ሥራ ነው። ከማስታወቂያ ይለያል። ማስታወቂያ ብሩ ሲያልቅ ይጠፋል፤ ይሄ ግን ገጹ በራሱ ተፈልጎ እንዲገኝ ማድረግ ነው። ቃሉ «ሰርች ኢንጂን ኦፕቲማይዜሽን» ከሚለው እንግሊዝኛ የመጣ ምህጻረ ቃል ሲሆን በአማርኛ የረጋ ስም ገና አላገኘም። የሚሠሩት ልጆችም «ኤስኢኦ» ብለው ነው የሚገላገሉት።

ጉግል እንዴት ያገኝሃል?

ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በ1998 እ.ኤ.አ. ጉግልን ሲመሠርቱ የያዙት ሐሳብ ቀላል ነበር። ብዙ ገጾች የሚጠቁሙት ገጽ ተፈላጊ ነው የሚል። ዛሬ መመዘኛው እጅግ በዝቷል፤ ደረጃዎቹ ግን ያው ሦስት ናቸው። ጉግልቦት የሚባለው ፕሮግራም ከሊንክ ወደ ሊንክ እየሄደ ገጾችን ያነባል። ያነበበውን በማውጫው ውስጥ ያስቀምጣል። ሰው ሲፈልግ ደግሞ ከማውጫው አውጥቶ በቅደም ተከተል ይደረድራል።

የከተሞቻችን ንግድ አብዛኛው ያለው ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ነው። በዝግ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የተለጠፈ ዕቃ ግን ጉግል ዘንድ የለም። ፌስቡክ ላይ የዛሬ ዓመት የተለጠፈውንም ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ጥቂት ነው። በዚያ ላይ «ዋጋ በኢንቦክስ» የምትባል ልማድ አለች። እንግዳው የሚጽፈው «ደሴ ፔንሲዮን ዋጋ» ብሎ ነው። ዋጋውን ገጹ ላይ ያልጻፈ ቤት ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም ማለት ነው።

ለአካባቢ ንግድ ከድረ ገጹ ጎን ሌላ ነገርም አለ፤ የጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል። ካርታው ላይ ስም፣ ስልክ፣ ሰዓትና ፎቶ ይዞ የሚወጣው ነው። እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ ጉግል ማይ ቢዝነስ ይባል ነበር። ምዝገባው ነጻ ነው። ጉግል በካርታው ላይ ማንን ከማን እንደሚያስቀድም ሲያስረዳ ሦስት ነገር ይጠቅሳል፦ ከተፈለገው ነገር ጋር መዛመድ፣ ርቀትና መታወቅ። ርቀቱን መቀየር አይቻልም። ቀሪዎቹ ሁለቱ ላይ ነው የሚሠራው።

ፕሮፋይሉን ለማረጋገጥ አሁን ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ይጠየቃል። ሳይቋረጥ የተቀረጸ መሆን አለበት። መንገዱን ታሳያለህ፣ ታፔላውን ታሳያለህ፣ ከዚያ ቁልፍ አውጥተህ በሩን ከፍተህ ትገባለህ። የኛ ሰፈር ቁልፍ ሦስት ቦታ ስለሆነ ቪዲዮው ትንሽ ይረዝማል እንጂ ሌላ ችግር የለውም።

የሰዓቱ ነገር

አንድ ቀን ከኮምቦልቻ ወጣ ብዬ ጎማዬ ተነፈሰ። ተቀያሪ ጎማዬም ቀድሞ የተበላሸ ነበር። ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ስልኬን አውጥቼ ጎሚስታ ፈለግኩ። አንድ ቤት በቅርብ ርቀት ወጣልኝ፤ ከሥሩ በቀይ «ተዘግቷል» ይላል። ተስፋ ቆርጬ ደወልኩ። «ኧረ አለን፣ አብሽር፣ ና!» አለኝ ሰውየው።

ደርሼ ጎማው እስኪሠራ ፕሮፋይሉን አብረን አየነው። እሱ የሚሠራው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ነው። ያስገባውም እንደዚያው ነው፤ ጠዋት 1፡00፣ ማታ 2፡00። ጉግል ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ስለዚህ ቤቱ በሌሊቱ 7 ሰዓት ተከፍቶ በቀኑ 8 ሰዓት የሚዘጋ ሆኖ ተመዝግቧል። እሱ ተኝቶ ሳለ «ክፍት ነው» ይላል፤ ሥራ ላይ ሳለ ደግሞ «ተዘግቷል»። ትክክለኛው 7፡00 እና 20፡00 ነበር። ለማስተካከል አንድ ደቂቃ አልፈጀብንም።

ይህን ስህተት ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ አይቻለሁ። ወሎ ውስጥ ሰዓት በበዓልና በጾም ይቀያየራል። በረመዳን ቀን ዘግቶ ማታ የሚከፍት ምግብ ቤት አለ። በጁምዓ ለሶላት የሚዘጋ ሱቅ አለ። በፍስክና በጾም ሜኑው የሚለያይም አለ። ፕሮፋይሉ ለተወሰኑ ቀናት ልዩ ሰዓት ማስገቢያ አለው፤ ሲጠቀሙበት ግን እምብዛም አላየሁም።

ስሙን እንዴት እንጻፈው?

አማርኛ ለፍለጋ አስቸጋሪ የሚሆንበት ምክንያት ፊደሉ ነው። ከደሴ በስተሰሜን ያለውን ሐይቅ ለመጎብኘት የሚያስብ ሰው «ሐይቅ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ «ሀይቅ» ወይም «ሃይቅ»ም ሊል ይችላል። ሠርግና ሰርግ፣ ዕቃና እቃ፣ ፀጉርና ጸጉር እንዲሁ ናቸው። ኮምቦልቻን «ኮንቦልቻ» የሚል አለ። በላቲን ፊደል ሲሆን ይብሳል። ደሴ በአንድ ኤስም በሁለት ኤስም ይጻፋል። ኮምቦልቻ በኬም በሲም ይጀምራል።

መፍትሔው ሃያ አጻጻፍ መደርደር አይደለም። አንዱን መርጦ ርእሱ ላይ ማዋል፣ ሌላውን የተለመደ አጻጻፍ ደግሞ በጽሑፉ መሀል በተፈጥሮ መንገድ አንድ ሁለት ጊዜ ማስገባት ይበቃል። የንግዱን ስም በተመለከተ ጉግል ጥብቅ ነው፤ ታፔላው ላይ ያለው ስም ብቻ ነው የሚፈቀደው። ስሙ ላይ «ርካሽና ምርጥ ሆቴል ደሴ» ብሎ የቀጠለ ሰው ፕሮፋይሉ ሊታገድበት ይችላል።

ኮምቦልቻ ሌላም ጣጣ አለባት። ሐረርጌም ኮምቦልቻ አለ። «ወሎ» የሚል ቃል ገጹ ላይ ከሌለ እንግዳውም ጉግልም ሊምታታ ይችላል። በሌላ በኩል የኮምቦልቻ ማደሪያዎች አንድ ዕድል አላቸው። የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር መንገዶች የሚታወቅበት መለያ ዲኤስኢ ነው፤ ከደሴ የተወሰደ። ደሴ ብሎ ትኬት የቆረጠ ሰው የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። ስለዚህ «ከአውሮፕላን ማረፊያው ይህን ያህል ደቂቃ፣ ሀረጎን ወጥተው ደሴ ለመድረስ ይህን ያህል» ብሎ በሐቅ የጻፈ ገጽ በሁለቱም ስም ሊገኝ ይችላል።

ሌላው ከማተሚያ ቤት የሚመጣ ችግር ነው። ብሮሸሩ የተጻፈው በቪዥዋል ግዕዝ የድሮ ፎንት ነው እንበል። ያንን ጽሑፍ ኮፒ አድርገው ድረ ገጽ ላይ ሲለጥፉት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይሆናል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት ኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ጉግልም አማርኛ ብሎ የሚያነበው በዩኒኮድ የተጻፈውን ነው። አንዳንዱ ከዚህ ጣጣ ለመገላገል ፖስተሩን በምስሉ ይጭነዋል። ዓይን ያነበዋል፤ ምስል ውስጥ ያለን አማርኛ ጉግል ያነብልኛል ብሎ መተማመን ግን አይቻልም። ስም፣ አድራሻና ዋጋ በጽሑፍ ይሁኑ።

አድራሻና ስልክ

የቤት ቁጥር የሚጠቅስ ሰው የለም። «ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ከፋርማሲው ፊት ለፊት» ነው አድራሻችን። ይህ ጉድለት አይደለም፤ እንደሱ ተብሎ ይጻፍ። ቧንቧ ውሃ፣ ሰኞ ገበያ፣ ሆጤ የሚሉት ስሞች ገጹ ላይ መኖር አለባቸው። ካርታው ላይ ያለችው ምልክት ግን በጥንቃቄ ትቀመጥ። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በዳገትና በቁልቁለት ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። ካርታ ላይ መቶ ሜትር ስህተት መሬት ላይ ሻንጣ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ማለት ነው።

ስልኩ በሁሉም ቦታ አንድ ይሁን። ድረ ገጹ ላይ አንድ ቁጥር፣ ፌስቡክ ላይ ሌላ፣ ካርታው ላይ ደግሞ የተዘጋ ሲም ካርድ ከሆነ ጉግልም ደንበኛም ይደናገራሉ። ከውጭ ለሚደውል ሰው 251 ተጽፎ የመጀመሪያዋ ዜሮ ትውጣ፤ የደሴ አካባቢ የመደበኛ ስልክ መነሻ 033ም እንደዚሁ። በ2014 ዓ.ም. ሁለቱም ከተሞች በጦርነት ከተጎዱ በኋላ ካርታው ላይ ቀርተው መሬት ላይ የሌሉ ቤቶች አጋጥመውኛል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ቴሌግራም ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ንግድ ከደንበኛው ተለያየ። ሰርቨሩ (የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ሌላ ቦታ ያለ ድረ ገጽ ግን ለአዲስ አበባና ለውጭ ሰው ይከፈት ነበር።

ገጹ ውስጥ

ቴክኒኩን ባጭሩ ልለፈው፤ ለትንሽ ንግድ ያን ያህል ከባድ አይደለም። የእያንዳንዱ ገጽ ርእስ ሥራውንና ቦታውን ይናገር። «እንኳን ደህና መጡ» ርእስ አይሆንም። «አልጋ፣ ቁም ሳጥንና ቡፌ ሥራ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ» ይሆናል። ለእያንዳንዱ ዋና አገልግሎት የራሱ ገጽ ይኑረው። «ኪወርድ» የሚባለውን የተደበቀ ሳጥን በቃላት መሙላት ከንቱ ድካም ነው፤ ጉግል እንደማይጠቀምበት በ2009 እ.ኤ.አ. ተናግሯል።

ጉግል ገጾችን የሚመዝነው በስልክ በሚታዩበት መልክ ነው። የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ቢታይ ጥሩ ይለዋል። ገጽ የሚያዘገየው አብዛኛውን ጊዜ ፎቶ ነው። በስልክ ተነስቶ እንዳለ የተጫነ የአዳራሽ ፎቶ አራት አምስት ሜጋባይት ይሆናል። ሁለት መቶ ኪሎባይት ድረስ ቢቀነስ ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ የደንበኛው የኢንተርኔት ጥቅል ላይ ግን ይታያል።

ቋንቋውን በተመለከተ ሁለቱ ከተሞች ይለያያሉ ባይ ነኝ። ደሴ ላይ የሚፈለገው ማደሪያ፣ ክሊኒክ፣ ዲኮር፣ የቤት ዕቃ ነው፤ አማርኛው ይቅደም። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አሉ። ለነዚህ ምግብ የሚያቀርብ፣ የደንብ ልብስ የሚሰፋ ወይም ማሽን የሚጠግን ሰው ደንበኛው የግዢ ክፍል ነው። የግዢ ክፍሉ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የሚፈልገው። ሁለቱን ቋንቋ በአንድ ገጽ ከማደባለቅ ለየብቻ መሥራት ይሻላል።

«አንደኛ እናደርግሃለን»

በአንድ ሳምንት አንደኛ እናደርጋለን የሚሉ አይጠፉም። አንደኝነትን ማንም ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል ራሱ ጉግል ይናገራል። ሊንክ መግዛት የባሰ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ፔንግዊን የተባለው ማሻሻያ የመጣው በተገዛ ሊንክ ያደጉ ገጾችን ለማውረድ ነበር። የአጎት ልጅ ሁሉ ተሰብስቦ የሚሰጠው አምስት ኮከብም እንደዚያው ነው። እውነተኛ ደንበኛ በአማርኛ የጻፈው ሁለት መስመር፣ ቅሬታም ቢሆን፣ በትሕትና ሲመለስለት ከሃያ ዝም ያሉ ኮከቦች ይሻላል። የሚጠቅም ሊንክ በሥራ ይመጣል፤ ለምሳሌ የሠርግ አዳራሹ አብሮት የሚሠራውን ዲኮር ቤት ገጹ ላይ ሲጠቅስ።

ውጤቱ ወራት ይወስዳል። መለኪያው ሰርች ኮንሶል የሚባል ነጻ መሣሪያ ነው፤ ሰዎች ምን ጽፈው ገጽህን እንዳዩት ያሳያል። አንድ የማውቀው የደሴ ፔንሲዮን ከፍቶ ሲያይ «ሙቅ ውሃ» እና «መኪና ማቆሚያ» የሚሉ ቃላት ተደጋግመው አገኘ። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ብርዱን ያየ ያውቀዋል። ገጹ ላይ ግን ስለ ውሃው አንድ ቃል አልነበረም። ባለቤቱ በየክፍሉ ቦይለር እንዳለ ጻፈ፣ የግቢውን በር ፎቶ ጫነ፣ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና እንደሚያስገባም ጨመረበት።