ቋሚ ሰብታይትል ምንድን ነው? የቤተሰብ ቪዲዮ በዲቪዲ ሲዘጋጅ

ቋሚ ሰብታይትል የሚባለው በቪዲዮው ምስል ላይ ታትሞ የምስሉ አካል የሆነ፣ ከዚያ በኋላ በሪሞት ሊበራም ሊጠፋም የማይችል የግርጌ ጽሑፍ ነው። ቪዲዮ በፍጥነት የሚከታተሉ የምስሎች ድርድር ነው፤ በአገራችን በተለመደው የፓል ሥርዓት በአንድ ሰከንድ 25 ምስሎች ያልፋሉ። ቋሚ ሰብታይትል ሲሠራ ፊደሎቹ በእነዚህ ምስሎች በእያንዳንዳቸው ላይ ስለሚሣሉ፣ አራት ሰከንድ የሚቆይ አንድ መስመር በ100 ምስሎች ላይ ታትሞ ይቀራል፤ ከፊደሎቹ ሥር የነበረው የምስሉ ክፍልም በዚያ ቅጂ ውስጥ ተመልሶ አይገኝም።

ሁለተኛው ዓይነት የሚበራና የሚጠፋው ሰብታይትል ነው። የዲቪዲ ቪዲዮ ደንብ በአንድ ፊልም እስከ 32 የሚደርሱ እንዲህ ያሉ ትራኮችን ይፈቅዳል፤ ተመልካቹ የፈለገውን ይመርጣል፣ ካልፈለገም ይዘጋዋል። ብዙ ሰው ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል ስለማያውቅ አማርኛ በዚህ መንገድ አይሠራም ብሎ ያስባል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በዲቪዲ ላይ የሚቀመጠው ይህ ሰብታይትል ራሱ በ4 ቀለማት ብቻ የተሣለ ትንሽ ሥዕል ስለሆነ፣ ማጫወቻው ሥዕሉን አምጥቶ በምስሉ ላይ ከመደረብ በቀር ፊደሉ የየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ማወቅ አያስፈልገውም። በአማርኛ ፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን የሚደረደረው ቪዲዮው በፍላሽ ተሰክቶ ጽሑፉ ለብቻው በኤስአርቲ ፋይል፣ ማለትም የሰብታይትሉን ቃላትና ሰዓት ብቻ በያዘ የጽሑፍ ፋይል፣ ሲቀርብ ነው፤ በዚያን ጊዜ ፊደሉን የሚሥለው ማጫወቻው በመሆኑ፣ የግዕዝ ፎንት ከሌለው የሚያሳየው አይኖርም።

እንግዲያው አማርኛ በሁለቱም መንገድ የሚሠራ ከሆነ ቋሚውን መምረጥ ለምን ያስፈልጋል? መልሱ የሚገኘው ቪዲዮው ከዲስኩ ከወጣ በኋላ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ከደሴ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ከሚሴ ወይም ወደ ባቲ የሚወርድ ሰው አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ አርጎብኛም፣ አፋርኛም ይሰማል፤ ወደ ሰቆጣ የወጣም ኽምጣኛ ያገኛል። በወሎ ጋብቻውም ዝምድናውም ቋንቋና ሃይማኖት ሳይለይ የተጋመደ ስለሆነ፣ በአንድ የሰርግ ቪዲዮ ውስጥ የሙሽራው ወገን በአማርኛ ሲዘፍን፣ የሙሽሪት አያት በኦሮምኛ ሲመርቁ፣ ማታ ደግሞ መንዙማው በዐረብኛና በአማርኛ ሲፈራረቅ ማየት የተለመደ ነው። ይህ ቪዲዮ በዲቪዲ ተሠርቶ ለቤተሰቡ ከደረሰ በኋላ አንዱ ወደ ፍላሽ ይገለብጠዋል፣ ሌላው ወደ ስልክ ያሳጥረዋል፣ በመጨረሻም ቆራርጦ ወደ ዐረብ አገር ለሄደች እኅት ይልክላታል። በዚህ ሁሉ መገልበጥ ውስጥ የሚበራና የሚጠፋው ትራክ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ምስሉ ላይ የታተመው ግን ምስሉ የሄደበት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ከዚህም በላይ ሰብታይትሉ በተለይ የሚያስፈልጋቸው ትልልቅ ሰዎች የሪሞቱን ቁልፍ ፈልገው ትራክ የሚመርጡ አይደሉም። ስለዚህ ለቤተሰብ ቪዲዮ ቋሚው ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፤ ጽሑፍ ያልገባበት ንጹሕ ቅጂ ሳይነካ መቀመጥ አለበት።

ሥራው የሚጀመረው ቪዲዮው ተቆርጦና ተቀጣጥሎ ካለቀ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ጽሑፍ የሚወጣበትና የሚጠፋበት ሰዓት ተሰፍሮ ካበቃ በኋላ ከቪዲዮው መጀመሪያ ላይ ግማሽ ደቂቃ ቢቆረጥ ከዚያ በታች ያለው ጽሑፍ ሁሉ በግማሽ ደቂቃ ዘግይቶ ይመጣል። በስልክ የተቀረጹ ክፍሎች ካሉም አብዛኞቹ በሰከንድ ወደ 30 የሚጠጋ፣ አንዳንዴም የሚዋዥቅ የምስል ብዛት ስላላቸው፣ አስቀድመው ወደ 25 መለወጥ ይኖርባቸዋል። ጽሑፉ ራሱ እንደ ሰብታይትል ኤዲት ወይም ኤጂሰብ ባሉ ነጻ ፕሮግራሞች ይጻፋል። የኤስአርቲ ፋይል ውስጡ እጅግ ቀላል ነው፤ ተራ ቁጥር፣ ከሥሩ እንደ 00:41:07,200 --> 00:41:10,900 ያለ መነሻና መድረሻ ሰዓት፣ ከዚያም የሚታየው ጽሑፍ፣ በመጨረሻም አንድ ባዶ መስመር ነው።

ብዙ እንክብካቤ የሚጠይቀው ሰዓቱን መስፈር ነው። አያት ሲመርቁ አንድ ሐረግ ተናግረው ያርፋሉ፣ ታዳሚው እጁን ዘርግቶ «አሚን» ይላል፣ እንደገና ሌላ ሐረግ ይከተላል። በሰብታይትሉ ላይ «ወልዳችሁ ሳሙ» የሚለው ከአንደበታቸው ሲወጣ ብቅ ብሎ የታዳሚው «አሚን» ሲያልቅ መጥፋት አለበት፤ «ዘርታችሁ ቃሙ» የሚለው ለብቻው ይመጣል። ቦታ ለመቆጠብ ሁለቱን በአንድነት የሚጽፍ ሰው አለ፤ እንዲህ ሲሆን ተመልካቹ ምርቃቱን ከመራቂዋ ቀድሞ ያነበዋል፣ በሁለተኛው «አሚን» ላይም የሚጠብቀው ነገር አይኖረውም። በመንዙማም ላይ መሪው የሚያወጣውን ግጥም እየተከተሉ መጻፍ ይገባል፤ ጀማው የሚቀበለውን አዝማች ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ አንድ ጊዜ ጽፎ ከዚያ በኋላ ምስሉን ባዶ መተው የተሻለ ነው። ዞሮ ዞሮ አንድ ጽሑፍ ከሁለት መስመር ባይበልጥ፣ ሁለት ሙሉ መስመር ደግሞ ስድስት ሰከንድ ያህል ቢቆይ ዝግ ብሎ የሚያነብም ይደርስበታል።

ሌላው ሰፊ ጉዳይ የፊደሉ መልክ ነው። የፓል ዲቪዲ ምስል ወርዱ 720፣ ቁመቱ 576 ነጥብ ብቻ ስለሆነ ከዛሬ ስልኮች ምስል ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ነው። በግዕዝ ፊደል ደግሞ ካዕቡን ከሣልሱ የሚለየው ብዙ ጊዜ አንዲት ቅጥያ ናት፤ «ሉ» ላይ ቅጥያዋ ከቀኝ እግሩ ወገብ ትወጣለች፣ «ሊ» ላይ ከእግሩ ጫፍ። ፊደሉ አንሶ በምስሉ ላይ ሲቀመጥ ይህች ቅጥያ ሁለት ሦስት ነጥብ ብቻ ትሆንና ትደበዝዛለች፤ አንባቢውም ከዐውዱ ገምቶ ለማንበብ ይገደዳል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ፊደል ከተለመደው መጠን ከፍ ማድረግ፣ ደመቅ ያለ ፎንት መምረጥና ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ፊደልን በጥቁር ጠርዝ መክበብ ያስፈልጋል፤ የሙሽሪት ቬሎም የአባቶች ጋቢም ነጭ ነውና፣ ያለ ጠርዝ የተጻፈ ነጭ ፊደል በዚያ ላይ ሲያርፍ አይታይም። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የመጣው ኒያላ ለወረቀት የሚያምር ቢሆንም ስስ መስመሮቹ ለቴሌቪዥን ይሳሳሉ። አግድም የሆነ ስስ መስመር በድሮው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ላይ ይርገበገባልም፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በደማቁ ዓይነት በጣም ይሻላል። የድሮዎቹ ቴሌቪዥኖች የምስሉን ዳርና ዳር ስለሚቆርጡ ደግሞ ጽሑፉ ከታች ወደ 58፣ ከግራና ከቀኝም ወደ 72 ነጥብ ያህል ገባ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ይህ ከየጠርዙ አንድ አሥረኛ ማለት ነው።

ጽሑፉ በዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ መጻፉን ማረጋገጥም ግድ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል፤ ከዚያ በፊት በተሠሩት ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ግን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የተሣለ ስለሆነ፣ ወደ ሰብታይትል ፕሮግራም ሲገለበጥ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ፋይሉ ሲቀመጥ ኢንኮዲንጉ፣ ማለትም ፊደሎቹ በፋይሉ ውስጥ የሚመዘገቡበት መንገድ፣ ዩቲኤፍ-8 መሆን አለበት፤ በኖትፓድ አንሲ ተብሎ ከተቀመጠ አማርኛው በሙሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል፣ ፋይሉ ከተዘጋ በኋላም አይመለስም።

ጽሑፉን ምስሉ ላይ የማተሙ ሥራ ቪዲዮውን እንደ አዲስ ኢንኮድ ማድረግን፣ ማለትም እንደገና አምቆ መጻፍን፣ ይጠይቃል። ዲቪዲ የሚቀበለው በኤምፔግ-2 የታመቀ ቪዲዮ ነው፤ እያንዳንዱ ማመቅ ደግሞ ከምስሉ ጥራት ጥቂት ይቀንሳል። ዲቪዲው አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ያንኑ ዲስክ አምጥቶ ጽሑፍ ጨምሮ እንደገና ማመቅ ምስሉን ሁለት ጊዜ ስለሚጎዳው፣ መነሻው ምንጊዜም ከካሜራው የተገኘው ቅጂ መሆን አለበት። ጽሑፉን ማተሙና ወደ ኤምፔግ-2 መለወጡ በአንድ ጊዜ ቢከናወን ይመረጣል፤ ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ሁለቱንም በአንድ ትእዛዝ ይሠራል።

የዲስኩ ስፋትም ከጽሑፉ ጥራት ጋር ይያያዛል። አንድ ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ የሁለት ሰዓት ቪዲዮ ሲጻፍበት ለምስሉና ለድምፁ በአንድነት በሰከንድ 5 ሜጋቢት ያህል ይደርሳል፣ ይህም በቂ ነው። ሰርጉ፣ ቅልቅሉና መልሱ ተደማምረው አራት ሰዓት ሲሆኑና ሁሉም በአንድ ዲስክ ይግባ ሲባል ግን ግማሹ ብቻ ይደርሳል። መጀመሪያ ጉዳቱ የሚታየው በፊደሎቹ ላይ ነው፤ ነጭና ጥቁር በድንገት የሚገናኙበት ስለታም ጠርዝ ለማመቅ ከባድ ስለሆነ፣ በየፊደሉ ዙሪያ ትንኝ የሰፈረ የሚመስል ብናኝ ይፈጠራል። በሁለት ዲስክ መክፈሉ የሚያስወጣው የአንድ ባዶ ዲስክ ዋጋ ብቻ ነው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ለመቀመጥ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ጽሑፍ የሌለበት የመጀመሪያው ቪዲዮ በሃርድ ዲስክ፣ የኤስአርቲ ፋይሉም ከእሱ ጋር። አያት የተናገሩት አንድ ሐረግ በስሕተት ተተርጉሞ ቢገኝ፣ ወይም ውጭ አገር የተወለዱ ልጆች በእንግሊዝኛ ወይም በዐረብኛ ቢፈልጉት፣ ሰዓቱ ተሰፍሮ ስላለቀ ቃላቱን ብቻ ለውጦ አዲስ ዲስክ ማውጣት ይቻላል። የኤስአርቲ ፋይሉ መጠን በኪሎባይት የሚቆጠር ስለሆነ በዲቪዲው ላይም ከቪዲዮው ፎልደር ውጭ በተለየ ፎልደር ሊቀመጥ ይችላል፤ ማጫወቻው አልፎት ይሄዳል፣ ዲስኩን በኮምፒውተር የሚከፍት ዘመድ ግን ያገኘዋል።