ፕራይመር ምንድን ነው? የቀጠነ ቀለም ግን አይደለም

አሮጌ ጆተኒ ቤቱ ወስዶ ማደስ የሚፈልግ ሰው ሁሉ፣ ከአንድ አፍ የሰማ ይመስል ያንኑ ይለኛል። «ፕራይመር ምን ያደርግልኛል? ቀለሙን በቲነር አቅጥኜ አንድ እጅ እቀባዋለሁ፤ ያው ፕራይመር ማለት አንደኛ እጅ አይደል?»

አይደለም። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ይህንኑ «የባለሙያ ምክር» ብሎ ለሌላው ሲያስተምር አየሁ። እዚህ ላይ ዝም ማለት አቃተኝ።

ፕራይመር ራሱን የቻለ ቅብ ነው። ሥራው ከሥሩ ያለውን እንጨት ወይም ብረት ከላዩ ከሚመጣው ቀለም ጋር ማያያዝ ነው። ጥሬውን እንጨት ያጠግበዋል፣ ይነክሰዋል፣ ለቀጣዩ እጅ ደግሞ ሻከር ያለ ፊት ያዘጋጃል። ለመታየት ስላልተሠራ መልኩ ድብዝዝ ቢል አይግረማችሁ።

አሁን ወደ ቲነሩ ሰውዬ ልመለስ። ወንድሜ፣ ቲነር የሚተን ነገር ነው። ተኖ ሲያልቅ ምን ይቀራል? ያው ቀለም፣ ግን ሳስቶ። በቀለሙ ውስጥ ያለውን ሙጫ አልጨመርክም፣ እንዲያውም በዚያ ስፋት ላይ ቀነስከው። እሱን ነው ጥሬ ቺፑድ ላይ የምታፈሰው።

አዲስ ምጣድ እንዴት ነው የሚሟሸው? በጎመን ዘር። ሸክላው ቅባቱን ጠጥቶ ይጠግባል፣ ከዚያ በኋላ ሊጥ አይጠጣም። ሊጡን አቅጥና ምጣድ የምታሟሽ እናት አይቼ አላውቅም። ጥሬ ቺፑድና የኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ጣውላ) ጠርዝ ያልተሟሸ ምጣድ ነው። የቀለሙን ሙጫ ይመጥጥና ዱቄቱን ላዩ ላይ ይተወዋል። አንዱ ቦታ ሲያበራ ሌላው ኖራ መስሎ የሚቀረው ለዚህ ነው። በየእጁ መሃል በቁጥር 320 ብርጭቆ ወረቀት ዳሰስ አድርጎ አቧራውን መጥረግንም ምጣድ እንደ ማሰስ ቁጠሩት። እርግጥ ነው፣ ምጣድ የሚሟሸው እንጀራው እንዲነሳ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ቀለሙ እንዳይነሳ። እዚህ ላይ ምጣዱን ላውርደው።

ፕራይመር ጉድጓድም አይሞላም። የተፈነከተ ማዕዘን ካለ ስቱኮ ይሙላው፣ ይፋቅ፣ ከዚያ ፕራይመር።

ጆተኒ ላይ ብዙ ሰው የማያየው ቦታ ብረቶቹ በሳጥኑ ግድግዳ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። ብረቱ ቶሎ እንዲንሸራተት ግራሶ ወይም ዘይት ይቀባል። ዓመት በዓመት እየወረደ በቀዳዳው ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ይሠራል፣ እንጨቱም ውስጥ ይገባል። እዚያ ላይ ቅብ ሲያርፍ ይሸሻል፤ እንደ ትንሽ ዓይን ክፍት ክፍት ያለ ነገር ትቶ ይሰበሰባል። ያን ጊዜ «ፕራይመሩ መጥፎ ነው» ይባላል። ፕራይመር ቅባት ላይ አይነክስም። መጀመሪያ በሳሙና፣ ከዚያ አኳራጅ በሚባለው የቀለም ማቅጠኛ፣ ጨርቁን እየቀያየራችሁ ጥረጉ። መፋቅ ከዚህ በኋላ ነው። ቅባቱ ሳይጸዳ ከፋቃችሁት ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ።

ሌላው የሚያናድደኝ ቀዩን አንቲረስት እንጨት ላይ መጠቀም ነው። ሱቅ ውስጥም «ፕራይመር» ስትሉ እሱን ሊሰጧችሁ ይችላሉ። አንቲረስት ለብረት ነው፤ ለእንጨት የእንጨቱን ጠይቁ። ብረትም ስል ሁሉንም ማለቴ አይደለም። የማዕዘኑ መያዣ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ላሜራ ከሆነ ሲንቴቲክ ቀለም በቀጥታ አትቀቡበት። ዚንኩ ከቀለሙ ዘይት ጋር ተዋህዶ ሳሙና መሰል ነገር ይፈጥራል፣ ቀለሙም ከጊዜ በኋላ በቅርፊት በቅርፊት ይነሳል። አልጠየቃችሁኝም፣ አውቃለሁ።

ይህንንም አልጠየቃችሁኝም። አሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። በሀገራችን ደንብ ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ) እንዳይበልጥ ተወስኗል፣ አሮጌው ጆተኒ ግን ከደንቡ በፊት የተቀባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደጅ ላይ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ ልጆች በሌሉበት ነው የሚፋቀው።

የአየሩ ነገርስ? ጅማ ላይ ዝናብ ሐምሌን አይጠብቅም። ቺፑድ እርጥበት ከያዘ ፕራይመሩ ውሃውን አፍኖ ይይዘዋል፣ በኋላ ይነፋል። ሳጥኑን ቤት ውስጥ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ጥቂት ቀን አቆዩት። ቅቡን ረፋድ ላይ ጀምሩት። አመሻሽ ላይ ከቀባችሁ ጤዛው ያገኘዋል፣ ላከር የሚባለው ቶሎ የሚደርቅ ቅብ ከሆነ ደግሞ ነጭ ደመና ያለብሰዋል።

ሥራው መያዙን ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። አይሶ 2409 የሚባለው ዓለም አቀፍ የቅብ መፈተኛ ዘዴ እቤታችሁም ይሠራል። ቅቡ በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ የማይታይ ቦታ ላይ በስለታም ምላጭ በ2 ሚሊ ሜትር ርቀት 6 መስመር ወደ ታች፣ 6 መስመር ወደ ጎን ቁረጡ። 25 ትናንሽ ካሬ ይወጣል። ፕላስተር አጥብቃችሁ ለጥፉና ሳብ አድርጋችሁ አንሱት። ካሬዎቹ ከነፕራይመሩ ከመጡ ጥፋቱ ከታች ነው፤ ወይ ቅባት ቀርቷል፣ ወይ አሮጌው ቀለም አልተፋቀም። ቀለሙ ብቻ መጥቶ ፕራይመሩ ከቀረ ደግሞ በሁለቱ መሃል አቧራ ነበር፣ ወይም ፕራይመሩ ብዙ ቀን ከርሞ ሳይዳሰስ ተቀብቶበታል።