የቤት ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራ በአነስተኛ ገንዘብ

የቤት ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራ ተማሪ፣ ጀማሪ ጠጋኝ ወይም የፈጠራ ዝንባሌ ያለው ሰው በመኖሪያ ቤቱ ሰርኪዩት የሚገጣጥምበት፣ የሚለካበትና የተበላሸ ዕቃ የሚፈትሽበት ጠረጴዛ ነው። በአዲስ አበባ ገንዘብ ለሌለው ሰው ዋነኛው የዕቃ ምንጭ አዲስ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ሳይሆን፣ ከጥገና ቤቶች የተረፈው፣ ቆራሌው ከየሰፈሩ የሚሰበስበውና መርካቶ ምናለሽ ተራን በመሳሰሉ ስፍራዎች የሚገኘው አሮጌ ዕቃ ነው።

ከተበላሸ ዕቃ ደህናውን ክፍል ነቅሎ ማስቀመጥ የሬዲዮና የቴፕ ጠጋኞች የቆየ ጥበብ ሲሆን፣ እነዚህ ትጉህ ባለሙያዎች ከመማሪያ መጽሐፍ የማይገኝ ብዙ ነገር ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያን ኢቭሪያ ከተማ የተጀመረው አርዱዪኖ የተባለው፣ ፕሮግራም የሚጻፍለት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ፣ ንድፉን ለሁሉም ክፍት በማድረጉ፣ በርካሽ የሚመረቱት አምሳያዎቹ ፕሮግራም መጻፍንም ወደዚሁ ጠረጴዛ አምጥተውታል።

ገንዘብ አስቀድሞ ሊወጣበት የሚገባው ቮልቴጅ፣ ጅረትና ሬዚስታንስ የሚለካው መልቲሜትር ነው። ርካሹ ዲጂታል መልቲሜትር ለባትሪና ለዝቅተኛ ቮልቴጅ ሥራ ይበቃል፤ ይሁን እንጂ ፊውዙና የመለኪያ ሽቦዎቹ ሽፋን ብዙ ጊዜ ደካማ ስለሆኑ የግድግዳውን 220 ቮልት ለመለካት ባይታመን ይሻላል።

ሰፊ ማብራሪያ የሚሻው የኃይል ምንጩ ነው። ከአሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር የተነቀለ ፓወር ሰፕላይ 3.3፣ 5 እና 12 ቮልት ይሰጣል፤ የሚነሳው አረንጓዴው ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ሲገናኝ ነው፤ አንዳንዱ ግን በ5 ቮልቱ መስመር ላይ ጭነት፣ ማለትም ኃይል የሚወስድ ዕቃ፣ ካላገኘ አይረጋም። የ12 ቮልቱ መስመር ብዙ አምፔር ስለሚለቅ፣ ሾርት ሲፈጠር፣ ማለትም ሁለቱ ሽቦዎች በቀጥታ ሲነካኩ፣ ቀጭን ሽቦ ሊያቀልጥ ይችላል። መፍትሔው ባለ 21 ዋት የመኪና አምፖል በመስመሩ ላይ በተከታታይ ማስገባት ነው፤ ሾርት ቢፈጠር አምፖሉ ይበራል፣ ጅረቱም ከ2 አምፔር በታች ይገደባል። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ከፍቶ ማሻሻል ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮቹ ውስጥ 300 ቮልት ገደማ ሊቆይ ስለሚችል ለጀማሪ ፈጽሞ አይመከርም። ባለ 19 ቮልት የላፕቶፕ ቻርጀር ሳይከፈት፣ ቮልቴጅ ከሚቀንስ ኤል ኤም 2596 ሞጁል ጋር ሲያያዝ የተሻለ ምርጫ ይሆናል። መብራት ለሚጠፋበት ሰዓት ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ የሚወጡ የሊቲየም ሴሎች ያገለግላሉ፤ ሲሞሉ ከ4.2 ቮልት ማለፍ የለባቸውም፤ ከ2.5 ቮልት በታች ወርዶ የቆየ ሴልም መጣል አለበት።

ለብየዳ ባለ 40 ዋት ካውያ ይበቃል። ሊድ ከሚባለው የብየዳ ሽቦ እርሳስ አልባው ለጤና ተመራጭ ነው ቢባልም፣ 60 በመቶ ቆርቆሮና 40 በመቶ እርሳስ ያለው በ190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀልጥ ለጀማሪ እጅ ይቀላል፤ መስኮት መክፈትና ከሥራ በኋላ እጅን መታጠብ ግን ግዴታ ነው።

ከአሮጌ ቦርድ የሚነቀሉ ሬዚስተሮች (ጅረት የሚገድቡ ክፍሎች) እና ትራንስፎርመሮች ከተለኩ በኋላ ያለ ስጋት ያገለግላሉ፤ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ግን በዕድሜና በሙቀት ስለሚደርቅ አዲስ መግዛት ይመረጣል።

የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ውድ ስለሆነ የኮምፒውተር ማይክሮፎን መግቢያ ሊተካው ይችላል። እስከ 20 ኪሎኸርዝ ገደማ ያለውን የድምፅ ሞገድ ያሳያል፣ ቀጥተኛ ጅረትን ግን አያሳይም፤ ሲግናሉም በሬዚስተሮች ከ1 ቮልት በታች ሳይቀነስ መግባት የለበትም።