በመከራ ቀን ስለ እምነት የሚነገሩ፣ ግን ልክ ያልሆኑ ነገሮች

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር፣ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ወይም ድል ጮራና ሕይወት ፋና ሆስፒታል አስታማሚ ሆኖ ያደረ ሰው የሚያጽናና አያጣም። ጎረቤቱም፣ የዕድሩ ሰውም፣ የሰንበቴ ማኅበርተኛውም አንድ ነገር ይለዋል። አብዛኛው ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን በፍቅር ከሚነገረውም ውስጥ ወንጌል ያላለው በወንጌል ስም እየተባለ የተሰበረውን ይበልጥ የሚሰብር አለ። ደጋግመው የሚሰሙትን እንይ።

«መከራው የመጣበት በኃጢአቱ ነው»

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋ ውስጥ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከላይ ከተራራው ዝናብ ሲጥል ግን በጥቂት ሰዓት ይሞላል። ውኃው ያገኘው ዳር ዳሩን የተኙትን ነው፤ ጻድቁንና ኃጥኡን እየለየ አልወሰደም።

ጌታ ራሱ ተመሳሳይ ጉዳይ አንሥቶ ነበር። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው ገደለ። እነዚያ ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ የባሱ በደለኞች ነበሩን ብሎ ጠየቀና «አይደለም» ብሎ ራሱ መለሰ (ሉቃ. 13፥4-5)። ቀጥሎ ስለ ንስሐ የተናገረው ለሞቱት ሳይሆን ቆመው ለሚያወሩት ነው። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ «ማን ኃጢአት ሠራ?» ሲሉትም እርሱም ወላጆቹም አይደሉም አላቸው (ዮሐ. 9፥3)። ስለዚህ ልጇን የቀበረች እናት ፊት የሞቱን ምክንያት አትፈልጉ። ንስሐ መግባት ከፈለገች የንስሐ አባቷን ራሷ ትጠራለች።

«ያመነ ሰው አያለቅስም፣ አያማርርም»

ኢየሱስ አልዓዛርን ሊያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው «ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ» ብሎ ነው፤ ጭራሽ አትዘኑ አላለም። የቤተ ክርስቲያንስ ሥርዓት ቢታይ? ለሟች በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛው፣ በ80ኛው ቀን፣ በመንፈቅና በዓመት ጸሎት ይደረጋል። ሐዘን በሦስተኛው ቀን እንደማያልቅ ከዚህ በላይ ምን ይናገራል? ችግሩ የእኛ ነው፤ ድንኳኑ ሲነሣ እኛም አብረን እንነሣለን። ቤቱ ባዶ የሚሆነው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ነውና ያኔ ሂዱ። ስብከት አያስፈልግም፤ ዳቦ ይዞ መግባት፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ማድረስ ይበቃል።

ማልቀስን ጸሎት ማድረግ ለሚፈልግ መዝሙረ ዳዊት 12 አለ (በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 13 ነው)። አጭር ስለሆነ ጮክ ተብሎ ቢነበብ ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። መጀመሪያው ክስ ነው፤ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይላል። እዚያ ላይ ቆም ብላችሁ የራሳችሁን ጨምሩ፦ «እስከ መቼ ልጄ እንዲህ ይሆናል? እስከ መቼ ያለ ሥራ እቀመጣለሁ?» ቀጥሎ ልመና ይመጣል። ለዛሬ የሚሆን አንድ ተጨባጭ ነገር ብቻ ለምኑ፤ የዛሬን ሌሊት እንቅልፍ፣ የነገውን የቤት ኪራይ። መታመን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክሱን ዘልሎ በምስጋና ሲጀምር ነው፤ ያልተነገረው ምሬት ውስጥ ይቀርና ጸሎቱ ራሱ ያደክመዋል። መጨረሻው አልወጣ ካለ ልመናው ላይ ማቆም ነውር የለውም። መዝሙር 87 (88) በጨለማ ተጀምሮ በጨለማ ያልቃል፤ ያም ሆኖ ከዳዊት መዝሙር አልወጣም።

«ጸበል ከጀመርክ መድኃኒቱን ተው»

ሰው የሚሞትበት ስሕተት ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንናገር። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ባለ መድኃኒት ነበር። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል።

መድኃኒት ሲቋረጥ ምን ይሆናል? የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና 6 ወር ነው። ሳሉ ግን በሳምንታት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል፤ ሰውየው «ድኛለሁ» ብሎ ያቆማል፤ የቀረው ተሕዋስ መድኃኒቱን ተላምዶ ይመለሳል፣ ለቤተ ሰብም ይተርፋል። የሚጥል በሽታ ክኒን በድንገት ሲቆም የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችል የስኳር ሕመምተኛ በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። የድብርት መድኃኒት ደግሞ ለውጡ እስኪታይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል፤ በአንደኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ መጣል ከንቱ ነው።

ጸበል ቦታ ለመሰንበት የሚሄድ ሰው ለቆይታው የሚበቃውን መድኃኒት፣ የጥቂት ቀን ትርፍም ጨምሮ ይያዝ። የሚውጥበትን ሰዓት ለአስጠማቂውና ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ከጾሙ ጋር የሚጋጭ ከሆነ የሚያስተካክሉለት እነርሱና ሐኪሙ ናቸው። በድሬ ሙቀት ኢንሱሊን ቦርሳ ውስጥ መዋል የለበትም፤ ማቀዝቀዣ ከሌለ በላስቲክ ጠቅልሎ እርጥብ አሸዋ በያዘ የሸክላ ዕቃ ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ይረዳል።

ተፈወስኩ ያለስ? ጌታ ለምጻሞቹን «ሂዱ፥ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ» ብሏቸዋል (ሉቃ. 17፥14)፤ በኦሪት ሕግ መንጻታቸውን የሚመረምረው ካህኑ ነበረና። ዛሬም ተመርምሮ፣ ውጤቱን ሐኪሙ አይቶት ነው መድኃኒት የሚቆመው። ፈውስ ምርመራ አይፈራም።

«ጸሎት እምቢ ካለህ እምነትህ ጠፍቷል»

ኤልያስ በቀርሜሎስ ካሸነፈ በኋላ ሸሽቶ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና ሞቱን ለመነ (1ኛ ነገሥት 19)። መልአኩ አልገሠጸውም። ነካ አድርጎ ቀሰቀሰው፤ ራስጌው ፍም ላይ የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ነበር። በላ፣ ተኛ፣ እንደገና ተቀሰቀሰ፣ እንደገና በላ። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከ40 ቀን ጉዞ በኋላ በኮሬብ ነው።

ቅደም ተከተሉን ያዙት፦ መጀመሪያ ምግብና እንቅልፍ። በእኛ አገር ጭንቀት ሲበዛ ጫት ይዞ ማምሸት ይቀናል፤ ከጫት በኋላ የሚመጣው ሌት ግን እንቅልፍ የለውም፣ ንጋቱም ይከብዳል። ረጅም ጸሎት ካልሆነ «አቤቱ ማረኝ» በቂ ነው፤ ወይም ኪርያላይሶንን 41 ጊዜ በጣት እየቆጠሩ ማለት።

እንቅልፍና ምግብ ሁለት ሳምንት ከራቁ ሐኪም ዘንድ ይኬድ። ሰውየው ስለ ሞት ማውራት ከጀመረ ግን «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ገመድ፣ የተባይ መርዝና የተከማቸ ክኒን ከቤት አውጡ፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዱት። ካህን ወይም መጋቢ አብሮ ቢሄድ ደግ ነው።

«መስቀልሽ ነው፣ ተሸከሚው»

ይህ ባሏ ለሚደበድባት ሴት ይነገራል። ቅድስት ድንግል ማርያም ልጇን አቅፋ ከሄሮድስ ሸሽታለች፤ ስደቷንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በማኅሌተ ጽጌ እናስባለን። ጳውሎስ በቅርጫት ሆኖ በደማስቆ ቅጥር ወርዶ አምልጧል። ከሚገድል እጅ መሸሽ እምነት ማጣት አይደለም። ይቅርታ ራቅ ብሎም ይደረጋል።

«ትልቅ ስለት ካልተሳልኩ አይሰማኝም»

ለቁልቢ ገብርኤል መሳል የኖረ ልማድ ነው፤ ምስጋና ነውና እንዳማረበት ይኖራል። ዋጋ ሲሆን ግን ይበላሻል። አንዳንዱ በጭንቅ ሰዓት ከአቅሙ በላይ ይሳልና ለታኅሣሥ 19 ወይም ለሐምሌ 19 በአራጣ ይበደራል፤ ከአንዱ ጭንቅ ወጥቶ ሌላ ይገባል። መክብብ 5፥5 ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል ይሻላል ይላል። ስትሳሉ ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለውን፣ ጧፍም ቢሆን፣ ተሳሉ። ከአቅም በላይ የተሳለ ሰው አበዳሪ ሳይሆን የንስሐ አባቱን ያነጋግር። ነፍሰ ጡርና የልብ ሕመምተኛ ከድሬዳዋ ወደ ቁልቢ የሚያስወጣውን የደንገጎን ዳገት በእግር እንዲወጡ ማንም አያስገድዳቸውም፤ በመኪና ይሂዱ፣ ከድሬ ሙቀት የሚነሣም ሁሉ ለታኅሣሥ ሌሊት ወፍራም ጋቢ ይያዝ።