የዓይነት አኖቴሽን በፓይተን ኔምድታፕል ውስጥ

ኔምድታፕል በፓይተን ቋንቋ የያዛቸው ዋጋዎች በተራ ቁጥር ብቻ ሳይሆን በስምም የሚጠሩለት፣ አንዴ ከተፈጠረ የማይቀየር ታፕል (በቅደም ተከተል የተያዙ ዋጋዎች ስብስብ) ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው 2.6 ዕትም ወደ ኮሌክሽንስ ሞጁል (ዝግጁ ኮድ የያዘ የቋንቋው ክፍል) ሲገባ የሚያውቀው የፊልዶቹን፣ ማለትም ዋጋዎቹ የሚገቡባቸውን ቦታዎች፣ ስም ብቻ ነበር። ዓይነታቸውንም (ለምሳሌ ቁጥር ወይም ጽሑፍ መሆናቸውን) መያዝ የተቻለው 3.5 ላይ በመጣው የታይፒንግ ሞጁል ነው፤ ከ3.6 ወዲህ ደግሞ በክላስ (ታፕሎቹ የሚፈጠሩበት ንድፍ) መልክ፣ በየመስመሩ የፊልዱ ስም፣ ኮለንና ዓይነቱ እየተጻፈ ይዘጋጃል፤ ይህ የዓይነት ጽሑፍ አኖቴሽን ይባላል።

ዓይነቶቹ የሚቀመጡት በክላሱ ላይ ነው። ሚሊዮን ታፕል ቢፈጠርም የዓይነቱ መረጃ ያው አንዱ ነው፤ ለእያንዳንዱ ታፕል የሚጨመር ማህደረ ትውስታ የለም። ቀድሞ ይኸው መረጃ «_ፊልድ_ታይፕስ» እና «__አኖቴሽንስ__» በሚባሉ ሁለት ስሞች ይገኝ ነበር። የመጀመሪያው ትርፍ ስለሆነ 3.8 ላይ እንዲተው ማስጠንቀቂያ ወጣበት፣ 3.9 ላይ ተወገደ። በእሱ የተመካ አሮጌ ኮድ ከዚያ ዕትም ጀምሮ በአትሪቢዩት ኤረር (የሌለ ስም ሲጠራ በሚነሳ ስህተት) ይቆማል።

«__አኖቴሽንስ__»ን በቀጥታ ማንበብም ያሳስታል። ዓይነቱ በትእምርተ ጥቅስ ከተጻፈ የሚገኘው ዓይነቱ ራሱ ሳይሆን «ፎርዋርድሬፍ» የሚባል ወኪል ነው። ወኪሉን ፈትቶ ትክክለኛውን ዓይነት የሚሰጠው የታይፒንግ ሞጁሉ «ጌት_ታይፕ_ሂንትስ» ፈንክሽን ስለሆነ ሁልጊዜ እሱን መጠቀም ይሻላል። የተጠቀሰው ስም በሞጁሉ ውስጥ ከሌለ ግን ኔም ኤረር ያስነሳል።

ፓይተን ኮዱን ሲያስኬድ ዓይነቱን አያጣራም። «ከተማ» በሚባል ኔምድታፕል ውስጥ ከፍታ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ነው ተብሎ ስትሪንግ (ጽሑፍ) ቢገባ ያለ ተቃውሞ ያልፋል፤ ስህተቱን የሚይዘው እንደ ማይፓይ ያለ አጣሪ ነው። ዓይነት ሳይጻፍለት ዋጋ ብቻ የተሰጠው ስም ፊልድ አይሆንም፣ ተራ የክላስ አትሪቢዩት ሆኖ ይቀራል። ነባሪ ዋጋ (ሌላ ካልተሰጠ የሚያዝ ዋጋ) ካለው ፊልድ በኋላ ነባሪ የሌለው ከተከተለ ታይፕ ኤረር ይነሳል። ባዶ ሊስት (ሊጨመርበት የሚችል ዝርዝር) ነባሪ ዋጋ ከተደረገ ደግሞ ሁሉም ታፕሎች አንዱን ሊስት ይጋራሉ፤ አንዱ የጨመረበት በሌሎቹም ይታያል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያደናግረው ውርስ ነው። ስምና ከፍታ ያሉትን «ከተማ» የሚወርስ ክላስ ተከፍቶ «ክልል» የሚል አኖቴሽን ቢጨመርበት፣ «ጌት_ታይፕ_ሂንትስ» ሦስት ስሞች ይመልሳል፤ የፊልዶቹን ስም በተራቸው የሚይዘው «_ፊልድስ» ግን ሁለቱን ብቻ ይዟል፣ ታፕሉ ሲፈጠርም ሦስተኛውን ዋጋ አይቀበልም። ስለዚህ መረጃን ከሲኤስቪ (ዋጋዎቹ በኮማ ከተለያዩበት የጽሑፍ) ፋይል አንብቦ ወደ ታፕል የሚቀይር ኮድ በ«_ፊልድስ» ቅደም ተከተል እየሄደ የየፊልዱን ዓይነት ከ«ጌት_ታይፕ_ሂንትስ» መልስ መውሰድ አለበት።